የጳጉሜ ገበያ የት ገባ? «ሉፕና ሊስት መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ የላከችልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ከማለማምዳቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። ከሥሩ «ታዲያ እስካሁን የለፋነው በከንቱ ነው?» ብላ ጽፋበታለች። ጥያቄዋ ከነከነኝ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ፓይተን የጀመረ ሰው በሉፕ (አንድን ሥራ የሚደጋግም ትእዛዝ) እና በሊስት (ነገሮችን በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ልምምድ ሳምንታት መፍጀት የለበትም። እንዲህ ያለውን ኮድ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በሰከንድ ይጽፈዋል። ልምምዶቹ አሰልቺ ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ትልቅ ፕሮጀክት መግባት ይሻላል። ባለሙያዎችም ፎር ሉፕ እምብዛም አይጽፉም። ሊስት ከዜሮ መቁጠሩ ምክንያት ስለሌለው ሸምድዶ ማለፍ ነው። በመጨረሻም እንግሊዝኛው ያልጠነከረና ላፕቶፕ የሌለው ሰው አስቀድሞ እነዚህን ያሟላ፣ ኮዱ ይደርሳል ይላል።

ጸሐፊው ለጀማሪዎች አስበው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ግን ምክሩ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ በኋላ፣ ኮድ መጻፍ ምን እንደሆነ ሰምቶ የማያውቅ ወጣት ሁሉ «ልሞክረው እንዴ?» ማለት ጀምሯል። ለዚህ ወጣት «መሠረቱን ዝለለው» ማለት ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ጽሑፌን በአንድ ፊደል ለመጨረስ ትእዛዞቹን እንደምናነባቸው ነው የምጽፋቸው፤ ማሽናችሁ ላይ ግን በላቲን ፊደል እንደሚጻፉ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ኤአይ ነው። «ማሽኑ የሚጽፈውን አንተ ለምን ትለማመዳለህ?» ይላሉ ጸሐፊው። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቼ የአንደኛው እናት ቅቤና ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። የየወሩን ሽያጭ በደብተር ይመዘግባሉ። ልጁ ሊረዳቸው ፈልጎ የዓመቱን ሂሳብ የሚደምር ኮድ ኤአይ እንዲጽፍለት ጠየቀ። ያኔ ትምህርቱን ገና መጀመሩ ነበር። ኮዱ ወዲያው መጣ፤ ንጹሕ ነው። ራን ሲያደርገው (ሲያስኬደው) ምንም ኤረር፣ ማለትም የስህተት መልእክት፣ የለም። የየወሩ ሽያጭ ተዘርዝሮ፣ ከታች ጠቅላላ ድምሩ ወጣ። ልጁ ደስ ብሎት ለእናቱ አሳያቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና «የጳጉሜ ገበያዬስ የት ገባ?» አሉ።

ጳጉሜ አምስት ቀን ብትሆንም ለቅቤ ነጋዴ ትንሽ ወር አይደለችም። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ናት። የዶሮው ወጥ ቅቤና በርበሬ የሚሸጠው ያኔ ነው። ኮዱ ግን ጳጉሜን ጨርሶ አላያትም። ልጁ ማታውን ሙሉ ሲፈልግ አድሮ ችግሩን ሳያገኝ ቅዳሜ ይዞልኝ መጣ።

ችግሩ አንድ መስመር ላይ ነበር፤ «ፎር ወር ኢን ሬንጅ፣ ከ1 እስከ 13» የሚለው ላይ። ሬንጅ ቁጥሮችን በተራ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ መነሻውን ይጨምራል፣ መድረሻውን ግን አይጨምርም። ከ1 እስከ 13 ሲባል 1፣ 2፣ 3 እያለ 12 ላይ ይቆማል። ዓመቱ 12 ወር ለሆነበት አገር ይህ ልክ ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ ስለዚህ 14 መባል ነበረበት። አንድ ቁጥር ናት። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ልጁ የትኛውን ዘመን አቆጣጠር እንደሚፈልግ ስላልነገረው የለመደውን ጻፈ። ማሽኑ የጻፈውን አንብቦ «ይሄ እኮ 12 ላይ ይቆማል» ማለት የልጁ ድርሻ ነበር። ሬንጅን በራሱ እጅ አሥር ጊዜ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ያቺን መስመር ባየ ጊዜ ዓይኑ እዚያው ይቀር ነበር።

እኔም ኤአይ እጠቀማለሁ፤ መጠቀሙንም አልቃወምም። ግን ጽፎ የማያውቅ ሰው ማንበብ አይችልም። የሉፕ ልምምድ ዋና ጥቅም መጻፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በየዙሩ ምን እንደሚያደርግ በራስ ጭንቅላት መከተል መቻል ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ በወረቀት ነው የማሠራቸው። ሦስት ቀን የተሸጠ አለ እንበል፦ 300፣ 450፣ 200 ብር። ድምር ከዜሮ ይነሳል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 300፣ ከሁለተኛው በኋላ 750፣ ከሦስተኛው በኋላ 950። ይህን በሠንጠረዥ ይጽፉታል። ቀጥሎ «ድምር እኩል ይሆናል 0» የሚለውን መስመር ሆን ብዬ ከሉፑ ውጭ አንስቼ ሉፑ ውስጥ አስገባዋለሁ። እንደገና በወረቀት ይከተሉታል። አሁን በየዙሩ ድምሩ ወደ ዜሮ ይመለስና መጨረሻ ላይ 200 ብቻ ይቀራል። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፤ መልሱ ብቻ ስህተት ነው። ይህን አንዴ በእርሳስ ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሁለተኛው ነጥብ ልምምዶቹ አሰልቺ ናቸው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ማሳተም፣ ከሊስት ውስጥ ተጋማሽ ቁጥሮችን መለየት፣ ኮከብ በሦስት ማዕዘን መደርደር፤ አዎ፣ ይሰለቻሉ። ግን ያሰለቸው የተሰጠው ጥያቄ ነው እንጂ ሉፕና ሊስት አይደሉም። እኛ ቤት ውስጥ ሉፕና ሊስት ሞልቷል።

እቁብን ውሰዱ። አሥር አባል ያለው እቁብ አለ። አባላቱ ሊስት ናቸው። ከእያንዳንዱ ገንዘብ መሰብሰብ ፎር ሉፕ ነው፤ ስንት ሰው እንዳለ እናውቃለና። ዕጣ ማውጣቱ ደግሞ ዋይል ሉፕ ነው፦ ያልደረሰው ሰው እስካለ ድረስ አንድ ስም አውጣ፣ ያንን ስም ካልደረሳቸው ሊስት ሰርዝ፣ ድገም። ሊስቱ ባዶ ሲሆን እቁቡ አለቀ። በፎርና በዋይል መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ ወጥመዱ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ዋይሉን ትቶ በፎር ይሞክረዋል፦ «ፎር አባል ኢን አባላት» ብሎ፣ እዚያው ውስጥ «አባላት ነጥብ ሪሙቭ አባል» ይላል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱን ጥራ፣ ከሊስቱ አውጣ። ግን ራን ስታደርጉት አምስት ሰው ብቻ ተጠርቶ ፕሮግራሙ በሰላም ያበቃል። አምስቱ እቁባቸው ሳይደርሳቸው ቀሩ! ለምን? ፎር የሚከተለው ቦታን ነው፤ መጀመሪያ 0ኛውን ቦታ፣ ከዚያ 1ኛውን፣ ከዚያ 2ኛውን። የመጀመሪያው ሰው ሲወጣ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ወደፊት ይጠጋሉ። ሁለተኛው ሰው 0ኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ፎር ግን 1ኛውን ቦታ ሊያይ ሄዷል። በዚህ ዓይነት አንድ እየተወ አንድ ያነሳል። በእውነተኛ እቁብ ቢሆን ዳኛውን ማን ያስተርፈዋል? መፍትሔው ዋይልን መጠቀም ወይም በሊስቱ ቅጂ ላይ መዞር ነው።

እንግዲህ ይህ የልጅ ሥራ ነው? ሊስት ላይ እየዞሩ ያንኑ ሊስት መቀነስ የዓመታት ልምድ ያላቸውም የሚወድቁበት ስህተት ነው።

ሁለተኛው የምወደው ልምምድ ገበጣ ነው። 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፤ በድምሩ 48። ሊስቱን በአንድ መስመር መሥራት ይቻላል፦ 4 ያለበት ሊስት ሲባዛ በ12። አሁን ከአንዱ ጉድጓድ ያሉትን ጠጠሮች በሙሉ አንሱና በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣላችሁ ሂዱ። በኮድ፦ የቦታውን ጠጠር ያዝ፣ ቦታውን ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ ጠጠር እስካለህ ድረስ ወደሚቀጥለው ቦታ ሂድ፣ እዚያ አንድ ጨምር፣ ከእጅህ አንድ ቀንስ።

መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል። ቦታ 9 ላይ ያሉትን አራቱን ሲያነሱ ግን 10 ላይ አንድ፣ 11 ላይ አንድ፣ ከዚያ ፓይተን «ሊስት ኢንዴክስ አውት ኦፍ ሬንጅ» ብሎ ይቆማል። 12ኛ ቦታ የለማ! ከ0 የሚጀምር የ12 ሊስት 11 ላይ ያበቃል። ገበጣ ግን ክብ ነው፤ ከመጨረሻው ጉድጓድ በኋላ የመጀመሪያው ይመጣል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ «ቦታ 12 ከሆነ ወደ 0 መልሰው» የሚል ኢፍ ይጽፋሉ። ይሠራል። ቆይቶ አንዱ ቦታውን ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ያንኑ ሥራ እንደሚሠራ ይደርስበታል። 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 13 ሲካፈል ቀሪው 1። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ብታዩት! በየትምህርት ቤቱ የተማሩት ቀሪ ለምን እንደሚጠቅም የገባቸው ያን ቀን ነው።

በብዙ ሰፈር ደግሞ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀች ያሉትን አንስቶ መቀጠል አለ። ያንን መጻፍ ሉፕ ውስጥ ሉፕ ማስገባት ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ፕሮጀክት ይፈለጋል?

በቀጥታ ወደ ትልቅ ፕሮጀክት የገቡትንም አውቃለሁ። በጃንጎ፣ በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያው፣ ድረ ገጽ የሠራ ልጅ መጥቶ ነበር። ያማረ ነው። ሙሉውን ከቪዲዮ እያየ ነው የገለበጠው። «ዋጋቸው ከ500 ብር በታች የሆኑትን ዕቃዎች ብቻ አሳየኝ» አልኩት። አልቻለም። ሥራው ሊስቱ ላይ ዞሮ በኢፍ መለየት ብቻ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ማንም ያንን እርከን እንዲወጣ አላደረገውም እንጂ።

ሦስተኛው፣ ባለሙያዎች ፎር ሉፕ አይጽፉም የሚለው። ሊስት ኮምፕሪሄንሽን ይጠቀማሉ፣ ነምፓይና ፓንዳስ የሚባሉትን የቁጥርና የሠንጠረዥ መሥሪያ ዝግጁ ኮዶች ይጠቀማሉ ነው ነገሩ። ሊስት ኮምፕሪሄንሽን ራሱ እኮ ፎር ሉፕ ነው፤ በአንድ መስመር ታጥፎ የተጻፈ። ዘርግቶ ማንበብ የማይችል ሰው አጥፎ ሊጽፈው አይችልም። ነምፓይ ብዙ ቁጥር ላይ በጣም ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ ሉፑ ግን አልጠፋም፣ ከስር በሲ ቋንቋ ተጽፎ ይዞራል። ፋይል በፋይል መክፈት፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መልእክት መላክ፣ ካልተሳካ እንደገና መሞከር፤ እነዚህን ባለሙያውም በተራ ፎርና ዋይል ነው የሚሠራቸው።

«ማክስ የሚባል ትእዛዝ እያለ ትልቁን ቁጥር ለምን በሉፕ ይፈልጋሉ?» የሚለውንም ጸሐፊው አንስተዋል። ለሥራ አይደለም፣ ለማሰብ ነው። አብዛኛው ጀማሪ «ትልቁ እኩል ይሆናል 0» ብሎ ይነሳል፤ ከዚያ የሚበልጥ ሲያገኝ ይተካዋል። ሽያጭ ላይ ይሠራል። ትርፍና ኪሳራ ላይ ግን አይሠራም። ሦስቱም ቀን ኪሳራ ከሆነ፣ ሲቀነስ 50፣ ሲቀነስ 20፣ ሲቀነስ 80፣ ኮዱ ትልቁ 0 ነው ይላል። 0 ደግሞ ሊስቱ ውስጥ የለም። መነሻው የሊስቱ የመጀመሪያ ቁጥር መሆን እንዳለበት የሚገባው እዚህ ወድቆ የተነሳ ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከዜሮ መቁጠር ምክንያት የለውም፣ ሸምድዱት ይላሉ። እኔ ደግሞ እኛ ከማንም በፊት ልንረዳው የሚገባ ነገር ነው እላለሁ፤ በባሕረ ሐሳብ ያደገ ሕዝብ ነንና።

የዘመኑን ወንጌላዊ እንዴት እናገኛለን? 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረን ለ4 እናካፍላለን። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። አሁን አራቱን በሊስት አስቀምጡ፦ ዮሐንስ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ። ዮሐንስ በ0ኛው ቦታ፣ ማቴዎስ በ1ኛው፣ ማርቆስ በ2ኛው፣ ሉቃስ በ3ኛው። ቀሪውን በቀጥታ እንደ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) መጠቀም ነው፤ አንድ መደመርም መቀነስም የለም፣ ኢፍም አያስፈልግም። 2018ን ሞክሩት። 7518 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 ነው፤ ዘመነ ማርቆስ። 2016 ቀሪ የለውም፤ ዘመነ ዮሐንስ። 2015 ቀሪው 3 ነው፤ ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6 የሆነችበት ዓመት። ሊስቱ ከ1 ቢጀምር ኖሮ ለዮሐንስ ብቻ የተለየ መስመር መጻፍ ግድ ይሆን ነበር። የገበጣው ዙርም የሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀሪ ከ0 ስለሚጀምር ከ0 ከሚጀምር ሊስት ጋር ይገጥማል። ይህን ያየ ተማሪ ሽምደዳ አያስፈልገውም።

አምስተኛው ነጥብ ያሳዘነኝ ነው። እንግሊዝኛ ያልጠነከረ ሰው ይቆይ የሚለው። ፓይተን የራሱ አድርጎ የያዛቸው ቁልፍ ቃላት 35 ብቻ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ልምምድ ደግሞ ፎር፣ ኢን፣ ዋይል፣ ኢፍ፣ ኤልስ ይበቃሉ፤ ከእነሱ ጋር ፕሪንት፣ ሬንጅ፣ አፔንድና ሪሙቭ። ከአሥር አይበልጡም። አሥር ቃል ለመልመድ አንድ ሳምንት አይፈጅም።

ከዚያ በተረፈ፣ ከፓይተን 3 ጀምሮ የቫሪያብል (ዋጋ የምናስቀምጥበት መያዣ) ስም በራሳችን ፊደል መጻፍ ይቻላል። ወሮች፣ አባላት፣ ገበጣ፣ ድምር ብሎ ጽፎ ማስኬድ ይሠራል፤ ሞክሩት። ሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ መጻፍ እንደሚያስፈልግ እነግራቸዋለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የስሙ ትርጉም ሳያደናቅፈው ሐሳቡን የሚከተል ተማሪ በጣም ይፈጥናል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የፎር መስመር መጨረሻ ላይ የሚገባው ሁለት ነጥብ የእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ያለው ነው። የእኛን ሁለት ነጥብ ካስገባችሁ ዓይን ላይ አንድ ቢመስልም ፓይተን አይቀበለውም። ነጠላ ሰረዝም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ ለእኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ላይ «ሂሳብ» ብሎ ሰይሞ ታች «ሒሳብ» ብሎ የጠራ ተማሪ «ስሙን አላውቀውም» የሚል ኤረር ይዞ ግማሽ ሰዓት ሲፈልግ አይቻለሁ።

ላፕቶፕ የሌለውም አይቆይ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሚሠሩት በስልክ ነው። ፓይድሮይድ የሚባለውን የስልክ ፓይተን መጻፊያ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የሉፕ ልምምድ ደግሞ አራት አምስት መስመር ነው። ትልቅ ፕሮጀክት በስልክ መሥራት ያሰቃያል። ሉፕና ሊስት ግን ስልክና ደብተር ላለው ልጅ የተመቸ ነገር ነው፤ «እሱን ዝለለው» ስንለው በአቅሙ ያለውን አንዱን በር መዝጋታችን ነው።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ልምምድ ላይ ወራት መቀመጥ አይገባም። እቁቡን፣ ገበጣውን፣ የወንጌላዊውን ስሌት ሳያይ ከባዶ ገጽ ጽፎ የጨረሰ ሰው ወደ ፕሮጀክቱ ይሂድ፤ እኔም አላስቆየውም። እስከዚያ ግን አይቸኩል።

ጽሑፉን ለላከችልኝ ተማሪ ምላሹን በቃል አልነገርኳትም። ባለፈው ቅዳሜ ገበጣዋን ስልኳ ላይ ጽፋ አምጥታ ነበር። ጠጠር የምትዘራበትን ክፍል በዋይል ፈንታ በፎርና በሬንጅ ነው የጻፈችው፤ ከ1 ጀምሮ እስከ ጠጠሮቹ ብዛት። ዙሩ ይዞራል፣ ኤረርም የለም። ጠጠር አንዴ ከዘራች በኋላ ጉድጓዶቹን በሙሉ ስትደምር ግን 48 መሆን ሲገባው 47 ይላታል። ወረቀት አውጥታ በየዙሩ መከተል ጀምራለች። እስክንለያይ አላገኘችውም፤ እኔም አልነገርኳትም።